መርማሪው ማን ነው? ጎንደር ላይ ለምናዘጋጀው ተውኔት ሐሳባችሁን እሻለሁ

የቀሃ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ያለን አነስተኛ የቴአትር ቡድን ነን። ቀን በየሥራችን እንውላለን፤ ማታ ማታ አንድ የሰፈር አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን እንለማመዳለን። አሁን የያዝነው የእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት የጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ሥራ ነው፤ እኛ «መርማሪው መጣ» ብለን ተርጉመነዋል። መርማሪውን የምጫወተው እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሰውየውን ግን መያዝ አልቻልሁም።

ላላነበባችሁት ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1912 ነው። ብራምሊ በምትባል የፈጠራ ከተማ፣ አርተር በርሊንግ የተባለ ባለፋብሪካ ልጁ ሺላ የታጨችበትን ቀን በእራት ግብዣ ያከብራል። ሚስቱ ሲቢል፣ ወንድ ልጁ ኤሪክና የሺላ እጮኛ ጄራልድ አብረው ተቀምጠዋል። ከእራት በኋላ አባትየው ወጣቶቹን ይመክራል፦ ሰው የራሱን ጉዳይ ይያዝ፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ይኑር፣ ሁላችንም እንደ ቀፎ ንብ አንዳችን ለአንዳችን ነን የሚሉትን አትስሟቸው። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የበሩ ደወል ይጮኻል። የገባው ሰው ኢንስፔክተር ጉል ነኝ ይላል። ኤቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት ራሷን አጥፍታ ሆስፒታል ውስጥ ሞታለች፤ ስለ እርሷ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት ይላቸዋል።

ከዚያ በየተራ ይጠይቃቸዋል። አባትየው ደመወዝ ይጨመርልን ብላ ስላደመች ከፋብሪካው አባሯታል። ሺላ አንድ ልብስ ስትለካ ልጅቱ የሳቀችባት መስሏት ተናዳ ከልብስ መደብር አስባርራታለች። ጄራልድ ጥቂት ወራት ይዟት ትቷታል። ኤሪክ አስረግዟታል። እናትየው ደግሞ ትልቅ ድምፅ ባላት የበጎ አድራጎት ማኅበር በኩል ልጅቱ እርዳታ ስትጠይቅ ባዶ እጇን እንድትመለስ አድርጋለች። ጉል የሚባል ፖሊስ በከተማው አለመኖሩን የሚያውቁት እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሆስፒታል ሲደውሉም በዚያ ቀን እንዲህ ያለች ሟች አልመጣችም ይባላሉ። እፎይ ብለው መሳቅ ሲጀምሩ ስልኩ ይጮኻል፦ አንዲት ወጣት አሁን ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ ሞታለች፤ የፖሊስ መርማሪ ወደ እናንተ እየመጣ ነው።

እና ሰውየው ማን ነው? ፖሊስ? መንፈስ? ከሰማይ የተላከ? አዘጋጃችን «አንተው ወስን» ብላኛለች። ሳልወስን ወደ መድረክ ስወጣ እግሬ የምረግጠውን መሬት ያጣዋል። እባካችሁ አግዙኝ።


አዘዞ፦

መንፈስ ነው፤ ሌላ መልስ የለውም። ልብ በል፤ እርሱ በሩን ሲያንኳኳ ልጅቱ ገና አልሞተችም። ሞቷ የሚነገረው መጨረሻ ላይ በስልክ ነው። ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ይዞ የመጣ ሰው ሥጋ ለባሽ ሊሆን አይችልም። ሲሰናበታቸውም ሰዎች ይህን ትምህርት ካልተማሩ በእሳትና በደም ይማሩታል ይላቸዋል። ታሪኩ የሚሆነው በ1912 ነው፤ በሁለት ዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ከፖሊስ ጣቢያ የወጣ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?


የቅኔ ቤት ልጅ፦

እኔ ከስሙ ልነሳ። በልጅነቴ ጥቂት ዓመታት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁና አንድ ስም ሁለት ሆኖ ሲመጣ ጆሮዬ አያልፈውም።

ጉል በእንግሊዝ አገር በዮርክሽር ያለች የወደብ ከተማ ስም ነው። ሰሙ እርሱ ነው። ነገር ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲነገር መቃብር ለመቃብር እየዞረ ሬሳ የሚበላውን መንፈስ ከሚጠሩበት ቃል ጋር አንድ ድምፅ ይሆናል፤ ያም ከዓረብኛ የሄደ ቃል ነው። ይህ ንጹሕ ኅብር ነው። ጸሐፊው ሰውየው ራሱ ስሙን ፊደል በፊደል እየቆጠረ እንዲናገር ማድረጉም ጆሯችን ስሙ ላይ እንዲያርፍ ፈልጎ ይመስለኛል። የልጅቱም ስም እንዲሁ ነው። ኤቫ ሔዋን ናት፤ የሁሉ እናት። ስሚዝ ደግሞ አንጥረኛ ማለት ሲሆን በእንግሊዝ ከሁሉ የበዛ የቤተሰብ ስም ነው፤ የማንም ስም ስለሆነ የማንም አይደለም።

ችግሩ ወደ አማርኛ ሲመጣ ነው። ጉል ብትል እኛ ዘንድ ምንም አይሰማም፤ ኅብሩ ሞተ። ኢንስፔክተር ብትለው ደግሞ ይብሳል፤ የፖሊስ ማዕረግ ነውና ተመልካቹ ወዲያው ትከሻው ላይ ያለውን ምልክት መፈለግ ይጀምራል። እናንተ መርማሪ ብላችሁ መተርጎማችሁን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። ፖሊስ ይመረምራል፤ ሐኪም ይመረምራል፤ የመጻሕፍት መምህር ይመረምራል፤ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ደግሞ ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ አለ። ከእንግሊዝኛው ስም ያጣነውን ኅብር አማርኛው በማዕረጉ መለሰልን። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርማሪ በሉት፤ አንድ ጊዜም ኢንስፔክተር እንዳትሉት። ሰሙ ፖሊሱ ነው፤ ወርቁን ተመልካቹ ራሱ ያውጣው።


የቀሃ ልጅ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ዛሬውኑ ለአዘጋጃችን አነብላታለሁ። ሔዋንስ? የልጅቱን ስም «ሔዋን» ብለን ብንመልሰውስ? አንድ ጓደኛችን «ሔዋን ባለ እጅ» እንበላት ብሎ ነበር።


የቅኔ ቤት ልጅ፦

እንዳታደርጉት። በእንግሊዝ ስሚዝ የሚባል ሰው በስሙ ምክንያት አይናቅም። በእኛ አገር ግን አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ሥራ የተነሣ ስንት ዘመን ተገለው፣ ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። እዚህ ጎንደር አጠገብ ያለችውን የወለቃን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያን ቁስል በአንድ ስም ብቻ ነክታችሁ ብታልፉት ግፍ ነው። የሚገባው ራሱን የቻለ ተውኔት ነው።


የድሮ ጠበቃ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብሁት። እኔ አርባ ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ደጃፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ማን ነው ከማለት በፊት ሥልጣኑ ከየት መጣ እላለሁ።

ልብ ብላችሁ አንብቡት። ወረቀት አላሳየም። የማዘዣ ደብዳቤ አላወጣም። በርሊንግ ግን ገና ከመጀመሪያው ያለውን ሁሉ ይደረድራል፦ ከንቲባ ነበርሁ፤ አሁንም በዳኝነት ወንበር እቀመጣለሁ፤ የፖሊስ አዛዡ ኮሎኔል ሮበርትስ ወዳጄ ነው፤ ጎልፍ አብረን እንጫወታለን። መርማሪው ጎልፍ እንደማይጫወት ይነግረውና ወደ ጥያቄው ይመለሳል። በዚያች አጭር መልስ የበርሊንግ ሹመት ሁሉ ዋጋ አጣ። እንግዲህ ያለ ወረቀት ይህን የሚያደርግ ሥልጣን ምን ዓይነት ነው?

የእኛ አባቶች ያውቁት ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ ማንም አላፊ አግዳሚ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተሰነዘረው ዱላ ባለበት ይቆም ነበር። ተከራካሪዎችም መንገደኛውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። መንገደኛው ሹመት የለውም፤ ተጠየቅ የተባለው ሰው ግን ይመልሳል። አለመመለስ ራስን ከሰው ማውጣት ነውና። በርሊንግና ቤተሰቡም ለመርማሪው የመለሱለት መታወቂያውን አይተው አይደለም። ጥያቄው እውነት ስለነበረ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ባለፈው አንድ ወዳጄ ይህን ተውኔት ስነግረው «ሌባሻይ ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም። ሌባሻይ የሚባለው መድኃኒት አጠጥተው የሚለቁት ልጅ ነበር፤ ተንገዳግዶ ሄዶ በወደቀበት ቤት ጥፋቱ ይለጠፋል። ቀሪው ሰው ነፃ ወጥቶ ይሄዳል። ግፍ ነበርና ቀረ። መርማሪው የሚቀርበው ወደ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታ ወደሚባለው። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማ በተራ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳውን አካባቢው አዋጥቶ ይከፍላል። በዚህ ቤትም ገዳይ አልተገኘም። ዕዳው ግን በአምስቱም ላይ አለ።


ማራኪ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። እኔ ሰውየው በደለኛ ነው የምል ነኝ፤ በተለይ ጠበቃ ሆነው ይህን እንዴት እንዳለፉት ገርሞኛል።

የልጅቱ ነው የሚለውን ፎቶግራፍ ለአንድ ሰው ብቻ እየለየ ያሳያል። አባትየው አየ፤ ሺላ አየች፤ እናትየው አየች። ጄራልድ ለምን አላይም ብሎ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ኤሪክም አላየም። ታዲያ አንድ ፎቶግራፍ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሴቲቱ አንድ መሆኗንስ? ጄራልድ በኋላ ይህን ማንሳቱ ትክክል ነው። አምስት ሰዎች አምስት የተለያዩ ሴቶችን በትንሽ በትንሹ በድለው ይሆናል፤ እርሱ ሁሉንም ሰፍቶ አንድ ሬሳ አደረገው። በርሊንግ የሳምንት ደመወዝ ከ22 ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ ወደ 25 ይጨመር ሲባል እምቢ አለ፤ ልዩነቱ 2 ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ ነው። ጨካኝ ልንለው እንችላለን። ነፍሰ ገዳይ ነው?

ይህን የምለው ለክርክር ብቻ አይደለም። ሥልጣን የሌለው ሰው ቤት ገብቶ ሲያስለቅስ ማጨብጨብ ያስፈራኛል። ዛሬ መልካም ነገር ስለተናገረ ወደድነው። ነገ ሌላው መጥቶ በዚያው በር ቢገባስ?


የድሮ ጠበቃ፦

ልጄ፣ ፍርድ ቤት ብንቀርብ ጄራልድ ይረታል። ፎቶግራፉም እንደ ማስረጃ አይያዝም። ፍርሃትህንም አልንቀውም፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ በር ከፍተው የገቡ ሰዎችን አይቻለሁ። ግን ልዩነቱን ተመልከት። መርማሪው ማንንም አላሰረም፤ ማንንም አልቀጣም። ጠይቆ፣ አዳምጦ ወጣ። የተናገሩት ራሳቸው ናቸው።


የቅኔ ቤት ልጅ፦

ጋሼ ያሉትን ለማጠናከር፣ እናትየውን ተመልከቱ። ኤሪክ መሆኑን ሳታውቅ፣ ያስረገዛት ሰው በአደባባይ ሊጠየቅ፣ ሊቀጣ ይገባል እያለች ትፈርዳለች። መርማሪው አያስቆማትም። ሺላ ቀድማ ገብቷት እናቷን ዝም ለማሰኘት ትለምናለች፤ እናትየው አትሰማትም። ከዚያ ኤሪክ ይገባል።

ይህ ነቢዩ ናታን በንጉሥ ዳዊት ላይ ያደረገው ነው። የድሀውን ሰው በግ ታሪክ ነገረው፤ ዳዊት ተቆጥቶ በበደለኛው ላይ ሞት ፈረደ፤ ከዚያ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ናታንም ወረቀት አልያዘም። የበጉም ታሪክ ምሳሌ እንጂ የሆነ አልነበረም። ዳዊት ግን እንዲህ ያለ በግ የት አለ ብሎ አላመለጠም።


ኤድና፦

እኔ በዚሁ ቡድን ውስጥ የቤት ሠራተኛዋን ኤድናን የምጫወተው ነኝ። በመድረክ የምናገረው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። በር እከፍታለሁ፤ መርማሪ መጥቷል እላለሁ፤ እወጣለሁ። እዚህም ለመጻፍ አልደፈርሁም ነበር። የማራኪው ወንድማችን የተለያዩ ሴቶች ይሆናሉ ሲል ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ከደንቢያ ወደ ጎንደር የመጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የገባሁበት ቤት ሰዎች ከእኔ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ይጠሩኝ ነበር። ልጆቹ የእርሷን ስም ለምደውታል፤ እንደገና እንዳይቸገሩ ተብሎ። እኔም አቤት እል ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል በሰው ስም አቤት አልሁ። አንድ ቀን የቤቱ እመቤት ቀለበት ጠፋ። ማታ ነው የወጣሁት፤ ልብሴን በፌስታል ይዤ። ቀለበቱ በሳምንቱ ሶፋ ሥር ተገኘ ሲሉ ከጎረቤት ሠራተኛ ሰማሁ። ተገኘ፣ ተመለሽ፣ ይቅርታ ብሎ የፈለገኝ ሰው የለም። ቢፈልጉኝስ በየትኛው ስም?

ስለዚህ ወንድሜ፣ አንድ ሴት ናት ወይስ አምስት የሚለው ለእነ ጄራልድ ጥያቄ ነው። እኔ ብቻዬን ሁለት ሴት ነበርሁ። ኤቫም ለጄራልድ ዴዚ ሬንተን ነበረች፤ እናትየው ጋ ስትሄድ ደግሞ ሌላ ስም ሰጠች። ከበር ወደ በር በሄደች ቁጥር ስሟ ይቀየራል። መርማሪው ደጋግሞ ኤቫ ስሚዝ ሲል እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ በእያንዳንዱ ልምምድ እሰማዋለሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ የት ደረሰች ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልለምን። እርሱን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ያየችው ኤድና ናት፤ በሩን የከፈተችው እርሷ ናትና። ተውኔቱ ውስጥ ግን ማንም ኤድናን አይጠይቃትም። የቀሃ ልጅ፣ እባክህ ስትገባ በአጠገቤ ዝም ብለህ አትለፍ።


ማራኪ፦

እኅቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ሥልጣን ያልሁትን አልተውም፤ ስለ ሴቶቹ ያልሁትን ግን ተውሁት።


አዘጋጇ፦

ልጆች ነግረውኝ መጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ኤድናን። ይህን ታሪክ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።

ለመርማሪያችን። ወስን ያልሁህ ማንነቱን አይደለም። «ማን ነበር?» የሚለው የበርሊንግ ጥያቄ ነው። ሰውየው ከወጣ በኋላ አባትየው ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚይዘው ተመልከት፤ ፖሊስ ካልሆነ ያልነው ሁሉ አልተባለም፣ ያደረግነውም ሁሉ አልተደረገም ብሎ ሊጠቀምበት ነው። ሺላና ኤሪክ ግን ፖሊስ ሆነ አልሆነ ያደረግነው ያው ነው ይላሉ። አንተም መድረክ ላይ መንፈስ ነኝ ብለህ ድምፅህን ካወፈርህ ለበርሊንግ ማምለጫ ሰጠኸው፤ ተመልካቹም አብሮት ያመልጣል። የምትወስነው ከእያንዳንዳቸው ምን እንደምትፈልግ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «አዎ፣ አውቃታለሁ» እንዲሉ።

ጸሐፊው የሰጠህን ተጠቀምበት። ግዙፍ ሰው መሆን አያስፈልገውም ይላል፤ ግን እንደገባ ቤቱን የሚሞላ ክብደት አለው። ጥቁር ቢጤ ተራ ልብስ ለብሷል። ከመናገሩ በፊት የሚያናግረውን ሰው ትክ ብሎ የማየት ልማድ አለው። ያን ዝምታ አትሩጥበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሮጥኸው እርሱን ነው።

ብርሃኑም እንዲሁ ተጽፏል። ሲጀመር ሞቅ ያለ ሮዝ ብርሃን ነው፤ መርማሪው ሲገባ ደመቅ ያለና ጠንካራ ይሆናል። እኛ ያለን ጥቂት አምፖል ነው። መጀመሪያ ቢጫውን በቀይ ጨርቅ እንጋርደዋለን፤ ደወሉ ሲጮኽ ነጩን እናበራለን። በቂ ነው።

ስለ ዘመኑም ላክል። ፕሪስትሊ የጻፈው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ነው፤ ራሱም በመጀመሪያው ጦርነት ወታደር ሆኖ ተዋግቷል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1945 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነበር፤ ለንደን ላይ በ1946 ራልፍ ሪቻርድሰን መርማሪውን ሆኖ ተጫወተው። በርሊንግ በ1912 ተቀምጦ ጦርነት አይመጣም፣ ታይታኒክም አትሰጥምም ሲል፣ ያ ተመልካች ሁሉንም ያውቅ ነበር። ከሁለት ጦርነት ፍርስራሽ ወጥቶ የመጣ ሕዝብ ነው። ይህ ለጎንደር ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ኅዳር የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እዚህ፣ የእኛው ከተማ ላይ ነው። እሳትና ደም የሚለውን ስትናገር አያቶቻችን አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጡ አስብ። አትጩኽባቸው።


አዘዞ፦

እኔ አሁንም መንፈስ ነው እላለሁ። ግን ድምፅህን አታወፍር፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ።


የቀሃ ልጅ፦

ልምምድ ጨርሰን አሁን ነው የገባሁት፤ ሳልተኛ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ዛሬ ኤድና እንዳለችው አደረግሁ። በሩን ስትከፍት አላለፍሁም። ቆምሁና ትክ ብዬ አየኋት። ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ቃሏ ጠፋባት። አዘጋጃችን አላስቆመችንም። ምናልባት አሥር ሰከንድ ይሆናል፤ በመድረክ ረጅም ጊዜ ነው። ከዚያ ኤድና ዓይኗን ሳትሰብር ዞር ብላ «መርማሪ መጥቷል» አለች፤ እስከ ዛሬ በማናውቀው ድምፅ። በርሊንግን የሚጫወተው ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። ይህን እንዲያደርግ የነገረው ማንም የለም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ቀለሉኝ። እያንዳንዱን ሳናግር በሩን አስባለሁ፤ በበሩ ላይ የቆመችውን አስባለሁ። ጋሼ፣ ጎልፍ አልጫወትም የምትለዋን ዝቅ አድርጌ ተናገርኋት፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።

አንድ ያልተስማማንበት ነገር ቀርቷል፤ በእርሱ ላይ ደግሞ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። መጨረሻ ላይ ስልኩ ጮኾ በርሊንግ መርማሪ እየመጣ ነው ብሎ ሲናገር መጋረጃው ይዘጋል። አዘጋጃችን ኤድና በዚያች ሰዓት መድረክ ላይ ትኑር ብላለች። አንዳንዶቻችን ጥግ ላይ ቆማ ታዳምጥ እንላለን። ኤድና ራሷ ግን አይሆንም አለች። ቤተሰቡ ባለበት ደርቆ ሲቀር፣ እርሷ ሽርጧን አስተካክላ ወደ በሩ መሄድ ትፈልጋለች፤ መጋረጃው ሲዘጋ እጇ መክፈቻው ላይ እንዲሆን።